ማንም ሳይጠራኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሥራና ቤተሰብ ሚዛን ሲጻፍ ተወቃሹ ብዙ ጊዜ አሠሪው ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነኝ፤ ደሴ ካለው ቤቴ ያራቀኝ ግን አለቃዬ ሳይሆን ለሥራዬ ያለኝ ፍቅር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ይገድባል። የእኔም ሰዓት ከዚህ የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ሆኖም ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ይዞ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐሳቤ ድር እየበጠሰ ካስቸገረኝ ማሽን ጋር እታች ይቀራል። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አቦልና ቶናው አልፎ በረካው ሲቀዳ ልጄ «አባዬ፣ ሦስቴ ጠየቅኩህ እኮ» አለችኝ። ምን እንደጠየቀችኝ እስካሁን አላውቅም።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ለሚወደው ተግባር ያለውን ፍቅር ከሌላው ሕይወቱ ጋር በሚስማማና ሰውየውን አልለቅ በሚል ለይተውታል። የእኔ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። ጃፓኖች በሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም አላቸው፤ ፈረንሳይም ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብቱን በሕግ አስገብታለች። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ስምም የለው፤ አባት ከቤት ሲጠፋ «ለልጆቹ ብሎ ነው» ይባልለታል፣ የጎደለውንም አያትና ጎረቤት ስለሚሞሉት ጉድለቱ አይታይም። (ምርቃቱ ግን ለእናት አይደርስም፤ መምህርት የሆነችው ባለቤቴ ከእራት በኋላ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ያው ጎረቤት «ሥራው ቤቷን አስረሳት» ይላል።)

ስለዚህ ክርክሩ በሰዓት ብቻ ባይወሰን እላለሁ፤ የሥራ ሰዓትን ሕግ ይቆጥረዋል፣ ከቡናው ረከቦት ፊት ተቀምጦ የሌለውን አባት ግን የሚቆጥር የለም። አዋጁ ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጠው የ3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ያንሳል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ይሁንና ታናሹ ልጄ ሲወለድ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ኮምቦልቻ ወርጄ ማሽኑን ፈትቼ ነበር፤ ከፋብሪካውም የደወለልኝ አልነበረም።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ