እማዬ፣ ስለ ኩላሊቱ ነርቭ ነገር

እማዬ እንደምን አለሽልኝ፣ ጉልበትሽስ? እሁድ ስደውል ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ "እሺ እሺ" ብቻ ተባብለን ዘጋነው፣ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ማህሌት ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ እየዘለለች እንዳታነብ።

የላክሽልኝን ቮይስ ሦስቴ ሰማሁት። የአጎቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ያየውን ነው አይደል፣ "አሜሪካ የኩላሊት ነርቭ አቃጥለው ግፊትን ያጠፉታል፣ ክኒን ድሮ ቀረ" የሚለውን። አንቺም "እዛው አይደል እንዴ የምትሠሪው፣ ለኔም አስደርጊልኝ" አልሽ። እውነትሽን ነው፣ እኛ ካት ላብ፣ በደም ስር ቱቦ አስገብተው የሚያክሙበት ክፍል፣ ይሠራል፣ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፣ እንደውም ድምፅሽን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስንት ብር አለኝ የሚለውን ነው።

ነገሩ ውሸት አይደለም። ከጭንቅላት ወደ ኩላሊት የሚሄዱ ከኩላሊትም የሚመለሱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፣ የኩላሊቱን ደም ስር ከውጭ እንደ ሐረግ ተጠምጥመውት። እነሱ ሥራ ሲያበዙ ኩላሊቱ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ሬኒን የሚባል ነገር ይለቃል፣ ደም ስር ይጠባል፣ ግፊት ይወጣል። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከዚያ ደም ስር ይደርስና ከውስጥ ሆኖ በሙቀት ወይ በአልትራሳውንድ ነርቮቹን ያቃጥላል፣ ሆድ አይከፈትም፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች እዚህ የተፈቀዱት በፈረንጆቹ 2023 ኖቬምበር ላይ ነው።

ቴሌግራሙ ያልነገራችሁ ግን አለ። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፣ 535 ሰው ያለበት፣ ግማሽ በግማሽ አይደለም፣ ለብዙዎቹ ነርቩን አቃጠሉላቸው፣ ለቀሩት ደግሞ አደንዝዘው ቱቦውን አስገብተው የደም ስሩን ፎቶ አንስተው ምንም ሳይነኩ ወጡ፣ ታካሚው የቱ እንደተደረገለት አያውቅም። ከ6 ወር በኋላ የተቃጠለላቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በ14 ወረደ፣ ምንም ያልተነኩትም በ12 ገደማ ወረደ! ያኔ ብዙ ሰው ነገሩ ሞተ ብሎ ነበር። በኋላ መሣሪያውም አሠራሩም ተሻሽሎ እንደገና ሲሞከር እውነተኛ ልዩነት ታየ፣ ግን ልዩነቱ 4፣ 5፣ 6 ነጥብ አካባቢ ነው፣ አንድ ክኒን ከሚያወርደው አይበልጥም። ከሱ በኋላም አብዛኛው ሰው ክኒኑን ይውጣል። ክኒን ድሮ ቀረ ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

እኔን የሚገርሙኝ ያልተነኩት ናቸው። ምን አወረደላቸው? አንዱ ምክንያት ሰው ሲከታተላቸው መድኃኒታቸውን በወጉ መዋጣቸው ነው ይባላል። እና እማዬ አሁን ወደ አንቺ ልመጣ ነው፣ አትቆጪ፣ ማህሌትንም አትቆጫት፣ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም ስለማትቀምሺ የጠዋቱን ክኒን ትዘዪዋለሽ፣ ማታ ደግሞ ይረሳል፣ ከጾም ውጪም ራስሽን ሲያምሽ ብቻ ነው አሉ የምትውጪው። ግፊት ራስ ካላመመ የለም ማለት አይደለም እኮ። ሐኪምሽ ይሄን ሳያውቅ ነው "አልወርድ አለ" ብሎ ሦስተኛ ክኒን የጨመረልሽ። የነፍስ አባትሽን አነጋግሪ፣ ታማሚ መሆንሽን ያውቃሉ፣ ለሐኪሙም ሰዓቱን ከጾሙ ጋር እንዲያስማማልሽ እንዳለ ንገሪው፣ በራስሽ ግን እንዳትቀያይሪው።

አሁን የከበደኝ። ደረትሽን ያ ጫን የሚልሽ ነገር፣ የቤተክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ። የልብ ደም ስር ምርመራ አድርገሽ "ንጹህ ነው" ሲሉሽ ሁላችንም ተደሰትንና ከዛ በኋላ ባመመሽ ቁጥር "ጭንቀት ነው እማ" አልኩሽ። እኔ! ቀኑን ሙሉ የልብ ደም ስር ፎቶ ስር ቆሜ የምውል ሰው። ያ ፎቶ የሚያሳየው ትልልቆቹን ብቻ ነው፣ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ያሉት አይታዩም፣ ልብ ውስጥ ደሙን የሚያከፋፍሉት ደግሞ እነሱ ናቸው። የሰፈራችንን ውሃ አስቢው፣ ዋናው መስመር ሙሉ ሆኖ ወደ ቤት የሚገባው ቀጭኗ ቧንቧ ስትደፈን ባልዲ አይሞላም። ግፊት ብዙ ዓመት ሲቆይ የእነዚህን ግድግዳ ያወፍረዋል፣ የልብን ጡንቻም ያወፍራል። ጤነኛ ልብ ሥራ ሲበዛበት ደሙን ሦስት አራት እጥፍ ይጨምራል፣ የታመመው ሁለት እጥፍ እንኳ ያቅተዋል፣ እና ተቀምጠሽ ደህና ነሽ ደረጃው ላይ ይይዝሻል። ያንቺ ይሄ ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ግን ሊሆን ይችላል፣ ጭንቀት ነው ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅር በይኝ።

ታዲያ ነርቩን ማቃጠል ለነዚህ ቀጫጭኖች ይጠቅማል ወይ ብዬ አንብቤያለሁ። ግፊቱ ሲቀንስ፣ ደም ስር የሚያጠብ ነርቭም ሲረጋጋ እነሱም ይፈታሉ ነው ሐሳቡ፣ ያምራል። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዱ የልብ ደም ፍሰት ተሻሻለ ይላል፣ ዴንማርክ ውስጥ እንደዛኛው አንዱን ቡድን ሳይነኩ ያወዳደሩት ደግሞ ለውጥ አላገኙም። በዚህ ላይ ተመሥርቼ አውሮፕላን ላሳፍርሽ አልችልም። መኪናዬንም ልሸጥ ነበር፣ እውነቴን ነው።

በቀጠሮሽ ቀን የልብ አልትራሳውንድ ይታይልኝ፣ ጡንቻው ወፍሮ እንደሆነ፣ ደግሞ የደረቴ ሕመም ከቀጫጭን ደም ስሮች ሊሆን ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ማህሌት ትጻፍልሽ። ተቀምጠሽም አልለቅ ካለሽ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ማንኮራፋትሽንም ንገሪው፣ ሌሊት ትንፋሽሽ ቆም እንደሚል፣ አባዬ ነፍሱን ይማርና ያስመስልሽ የነበረውን። እሱም ግፊት ያወጣል።

የመጨረሻው የኔ ጥፋት ነው። ለጉልበትሽ በሰው በሰው የምልክልሽ አይቡፕሮፌን፣ ያ ትልቁ ብልቃጥ። ግፊት ይጨምራል፣ የግፊቱን መድኃኒትም ሥራውን ያደክምበታል፣ ከኩላሊት ጋርም አይስማማም። አንድ እጄ መድኃኒትሽን ግዢ ብሎ ብር ይልካል፣ ሌላው እጄ የሚያፈርሰውን ይልካል፣ ይሄን ሳስበው ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ከፋርማሲ የምትገዢው ዲክሎፌናክም ያው ወንድሙ ነው። አቁሚውና ለጉልበትሽ ምን እንደሚሻል ሐኪሙን ጠይቂ። አሁን የምልከው የግፊት መለኪያ ነው፣ ሐሙስ ከሚገባ ሰው ጋር፣ ክንድ ላይ የሚታሰር፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ሳታወሪ ጠዋትና ማታ ተለኪ፣ ቁጥሩን ማህሌት በቴሌግራም ትላክልኝ፣ እኔ እከታተልሻለሁ፣ እንደ ጥናቱ ሰዎች።

ደግሞ ከዛ ብልቃጥ ለእትዬ አስካለ አካፍለሻት ነበር አይደል? እሷም ግፊት አለባት፣ ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት።