ጥፋቱ የፕሌይስቴሽኗ አይደለም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ ሳልጽፍልህ አራት ዓመት ማለፉን ሳስብ አፍራለሁ። የእናቴ ሕመም የጀመረው ያኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ በቆየሁ ቁጥርም ብዕር ማንሳቱ እየከበደኝ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ግን ታናሽ እህትህን ታይዋን ገበያ አገኘኋትና አንድ ነገር ነገረችኝ። ያቺን የልጅነት ፕሌይስቴሽናችንን ለልጆችህ ብለህ ከአዲሱ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተሃት ኖሯል። ምስሉ ስለ ደፈረሰብህ፣ ጆይስቲኩም ስለ ዘገየብህ «አርጅታለች» ብለህ ልትጥላት ነው አለችኝ። እባክህን አትጣላት። እኔም በዚሁ ነገር አንድ ዓመት ሙሉ ተቸግሬ ስለነበር ያገኘሁትን ልጻፍልህ።

ችግሩ ያለው ቴሌቪዥኑ ምስሉን በሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ፕሌይስቴሽን አብዛኞቹን ጌሞች የምትልከው በ240 መስመር ነው። እናንተ ሳሎን የነበረው ጀርባው ትልቅ ቴሌቪዥን እነዚያን መስመሮች በኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች ይስልና በየመካከላቸው ቀጭን ጥቁር ክፍተት ይተው ነበር፤ ምስሉን ጥርት ያለ ያስመሰለልን ያ ክፍተት ነው። ፍላት ስክሪኑ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ምልክት በሁለት ተከፍሎ እንደሚመጣ የ480 መስመር ምስል ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ግማሽ ሊያጋጥም ይሞክራል። የተጫዋቾቹ ጠርዝ የሚደፈርሰው፣ ጊዜም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በሴኮንድ 60 ምስል በሚታይበት ጌም አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ አምስት ስድስት ምስል ያህል ከዘገየ ተከላካዩን የምታየው ኳሱን ከነጠቀህ በኋላ ነው ማለት ነው። ዊኒንግ ኢሌቨን በሚባለው የኳስ ጌማችን ላይ ማንም የማይችልህ አንተ በልጆችህ ፊት የተሸነፍከው እጅህ ስለ ዶለዶመ እንዳይመስልህ።

ከሁሉ በፊት የቴሌቪዥኑን ሴቲንግ ክፈትና ጌም ሞድ የሚለውን አብራው፤ ምንም ወጪ የለውም፣ መዘግየቱንም በግልጽ ይቀንስልሃል። ቀጥለህ ገመዱን ተመልከት። ቢጫው ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ስለሚያመጣ፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው አንዱ በሌላው ላይ ይፈሳል። ከፕሌይስቴሽኗ ጀርባ ያለው ያው ቀዳዳ ግን ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ መስጠት ይችላል፤ ለዚህ የሚያገለግለው የአርጂቢ ስካርት ገመድ ነው። ጫፉ በድሮ የዲሽ ሪሲቨሮች ላይ እናየው የነበረው ሰፊው ስካርት ነው። ስትገዛ ግን ተጠንቀቅ፤ መልኩ ስካርት ሆኖ ውስጡ ያንኑ የቢጫውን ምልክት ብቻ የሚያመጣ ርካሽ ገመድ ብዙ ነው።

እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት ከአንድ ሱቅ ኤቪን፣ ማለትም የቢጫውን ገመድ ምልክት፣ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ስገዛ ነው። ሻጩ ምስሉ እንደ አዲስ ፊልም ጥርት ይላል ብሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ስሰካው የደፈረሰው እንደ ደፈረሰ ቀረ፤ በዚያ ላይ ወርዱ ለቁመቱ አራት በሦስት የነበረውን ምስል ወደ ጎን ስለ ለጠጠው ተጫዋቾቹ ሁሉ አጭርና ወፍራም፣ ኳሱም እንቁላል ሆነ። ያ ሳጥን ችግሩን ከቴሌቪዥኑ ወደ ራሱ አዛወረው እንጂ አልፈታውም።

የፈታልኝ ኦኤስኤስሲ የሚባለው፣ በአርጂቢ ገመዱና በቴሌቪዥኑ መካከል የሚገባው መሣሪያ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከአውሮፓ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ሙሉውን ምስል ሰብስቦ አያስቀምጥም፤ እያንዳንዱ መስመር እንደ ደረሰ ወዲያው ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አምስት ጊዜ ደግሞ ያስተላልፈዋል፤ ስለዚህ በእጅ የሚታወቅ መዘግየት የለውም። ሒሳቡንም ልብ በል፦ 240 በሦስት ሲባዛ ልክ 720 ይሆናል፤ ያንን 720 ቴሌቪዥኑ እንደገና በሦስት ሲያባዛው ደግሞ የፎርኬ ቴሌቪዥን ቁመት የሆነውን 2160 ይሰጣል። የፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ቁመት የሆነው 1080 ግን የ240 አራት ተኩል እጥፍ በመሆኑ መስመሮቹ እኩል አይደርሳቸውም፤ ስለዚህ ወይ ከላይና ከታች ጥቁር ጠርዝ ትተዋለህ፣ ወይ ምስሉ ትንሽ ይቆረጣል። ሌላም ጉድለት አለው፤ አንዳንድ ጌም ከሜዳ ወደ ሜኑ ሲመለስ መስመሩን ከ240 ወደ 480 ስለሚቀይር፣ ቴሌቪዥኑ አዲሱን ምልክት እስኪይዝ ድረስ ለጥቂት ሴኮንድ ይጨልማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሬትሮቲንክ ፎርኬ የሚባል ተመሳሳይ መሣሪያ እጅግ ብዙ ነገር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዋጋው 750 ዶላር ሆኖ ነው የወጣው፤ ለአንዲት ፕሌይስቴሽን ይህን ያህል እንድታወጣ አልመክርህም።

ፕሌይስቴሽን 3 የድሮዎቹን ሲዲዎች በኤችዲኤምአይ ማጫወት ይችላል፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ያልተነካካው ማሽን ኮፒ ሲዲ አይቀበልም፣ የእኛ ደግሞ ሁሉም ኮፒ ናቸው። ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ መጫወትም ይቻላል፤ ለልጆች ይበቃል፣ ለእኔ ግን ሲዲው ሲሽከረከር ካልሰማሁ ያው አይሆንልኝም።

በአርጂቢ ገመድ የተጫወትኩበትን የመጀመሪያ ምሽት ልንገርህ። የማሊያው ጥላና የሜዳው ጠርዝ ሁሉ እንደ ወንፊት ተነጠብጥቦ ታየኝና ደነገጥኩ፤ ማሽኗ የተበላሸች መሰለኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ፕሌይስቴሽኗ ምስሉን የምታስቀምጠው በ32,768 ቀለማት ብቻ ስለሆነ፣ የጎደለውን ቀለም ሁለት ዓይነት ነጥብ እያፈራረቀች ታስመስለዋለች። ቢጫው ገመድና የድሮው ቴሌቪዥን ነጥቦቹን አዋሕደው ስለሚያሳዩን ልጅ ሳለን አላየናቸውም። ኦኤስኤስሲው ላይ በየመስመሩ መካከል ጥቁር ክፍተት የሚመልሰውን ምርጫ ሳበራው ሜዳው ተመልሶ የእኛ ሜዳ ሆነ፤ ያ ጃፓናዊ ተንታኝም ጎል ሲገባ እንደ ጥንቱ ሲጮህ ዕንባዬ መጣ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ማሽኗን ገልብጣትና ከሥሯ ኤስሲፒኤች ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ጻፍልኝ። መጨረሻው 0 ከሆነ የጃፓን ናት፤ የጃፓኗ ለ100 ቮልት የተሠራች ስለሆነች ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ እንዳትሰካት። 2 ከሆነ የአውሮፓ ናት። ሲዲ ማንበብ ካስቸገራት ደግሞ በድሬ ሙቀት እናደርገው እንደነበረው ገልብጠህ ሞክራት፤ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ስለሚበላ እውነትም ይረዳቸዋል።

ለገና ስትመጣ ኦኤስኤስሲውን ይዘኸው ሂድ። እኔ ከጎረቤት ያገኘሁት ባለ 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን አለኝ፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ