«አቅመ ቢስ» እና «አቅመ ደካማ» አንድ አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በክረምቱ በጎ ፈቃደኞች በጅማ ከተማችን የአረጋውያንን ቤት ማደሳቸውን የሚገልጸውን ዜናችሁን በደስታ ባነብም፣ ቤታቸው የታደሰላቸው እናቶች በርእሱም በሐተታውም «አቅመ ቢስ» መባላቸው ከንክኖኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

«አቅም» የመጣው ከግእዙ «ዐቀመ» ሲሆን፣ ፍችውም ለካ፣ መጠነ፣ ወሰነ ነው። አቅም በመነሻው ጉልበት ሳይሆን ልክ ነበር ማለት ነው፤ «እንደ አቅሜ» የሚል ሰው ዛሬም የሚናገረው ስለ ልኩ ነው። የሚከብደው ተከታዩ ቃል ነው። ፍሬ ቢስ፣ ዋጋ ቢስ ማለትን ስለለመድን «ቢስ» «የሌለው» ማለት ብቻ ይመስለናል። ሥሩ ግን «ብእሰ»፣ ማለትም ከፋ ሲሆን፣ «ባሰ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። «ገደ ቢስ» የምንለው ሰው ገዱ የከፋ እንጂ ገድ የሌለው አይደለም። በከተማችን ቁርኣን የቀሩ ሁሉ የሚያውቁት «ምንኛ ከፋ» የሚለው የዐረብኛ «ቢእሰ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። እንግዲህ «ቢስ» ከጉድለት ጋር ነውርንም ይዞ ይመጣል፤ «ምግባረ ቢስ» ብሎ የሚያዝን ሰው አልሰማሁም።

«ደካማ» ግን የወጣው ከ«ደከመ» ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጉልበት እንደነበረ ይመሰክራል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ዕድሜአቸውን የሰው ቡና ሲለቅሙና ጀንፈል ሲያሰጡ ኖረው ዛሬ ወገባቸው ጎብጧል። ደከሙ እንጂ አልከፉም።

«ምስኪን» ይሻላል የሚሉም ይኖራሉ። ቃሉ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የወጣው የባቢሎን ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ከጨዋው በታች፣ ከባሪያው በላይ ያለውን ሰው «ሙሽኬኑም» ይለዋል፤ የእኛ «ምስኪን» የዚያ ቃል ዝርያ ነው። ሆኖም ዛሬ ገራምነትንም ስለሚያመለክትና የጸሓፊውን ሐዘኔታ ስለሚያስቀድም ለዜና የሚመች አይመስለኝም።

ስለሆነም በሚቀጥለው እትማችሁ ቃሉ «አቅመ ደካማ» ተብሎ እንዲታረምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ