ከፓሉክሲ ወንዝ ዳር፣ ቴክሳስ፣ አሜሪካ

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእናትህን የእማማን ዕረፍት ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፤ ወር ሲያልፍ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት ነገር ነው። ልጄን ይዤ ከዳላስ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነዳሁና ግሌን ሮዝ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለው የዳይኖሰር ሸለቆ ፓርክ ሄድን። የዳይኖሰሮቹ የእግር ዱካዎች ያሉት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በፓሉክሲ ወንዝ ወለል ላይ ነው። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ውኃው ሸሽቷል። ጫማችንን አውልቀን ገባን።

አንዳንዱ ዱካ ሦስት ጣት ያለው የሥጋ በል ነው፤ ሌላው እንደ ገበቴ የሰፋ፣ የዚያ የአንገተ ረጅሙ ዕፅ በል። ከ113 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስፍራው የባሕር ዳርቻ ነበር። የኖራው ጭቃ ቢቀጥን ዱካው መልሶ በተዘጋ፣ ቢጠነክርም እግር ባልታተመበት፤ ልክ ሆኖ ተገኘ። ደለል ሸፈነው፣ ድንጋይም ሆነ። አሁን ወንዙ ሽፋኑን እየጠረገ ይገልጠዋል፤ የገለጠውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ደለል መልሶ ሲያለብሰው ነው ዕድሜ የሚያገኘው።

ሮላንድ በርድ የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1938 እዚህ መጥቶ ሥጋ በሉ ዕፅ በሉን ተከትሎት እንደሄደ ከዱካው አነበበ። ልጄ «ድንጋይ እንዴት ይነበባል?» አለችኝ። እማማ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ክረምት ላይ ከደጃፉ ጭቃ እግራችንን ለይተው፣ «ይህ የልጄ ነው፤ ይኸኛው ወደ ውስጥ የሚረግጠው ያንተ ነው» ይሉኝ አልነበር? ተደብቀን ወንዝ ወርደን ስንመለስ አንድም ቀን አላመለጥናቸውም። ይህን ለልጄ እየነገርኳት፣ ውኃው ውስጥ እንደቆምኩ፣ ሁለት ዓመት የያዝኩትን እንባ አወጣሁት።

በጥር እንመጣለን፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ መቃብራቸው ጋ ውሰደኝ። ከዚያ ልጄን መልካ ቁንጡሬ እናድርሳት። እዚያም አዋሽ ዳር ከ700,000 ዓመት በፊት በጭቃ ላይ የረገጡ የጥንት ሰዎች ዱካ ተገኝቷል፤ የትንንሽ ልጆች እግር ጭምር።

ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልልኝ። ስልኬ አልተቀየረም።

ወንድምህ