ፍላሽ ከማስሞላታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ፒያሳ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ የሚያስሞላ ሰው የሚጠይቀው ስንት ዘፈን እንደሚይዝ ነው። ስለ ጥራቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የ60 ደቂቃ አልበም በኦሪጅናል ሲዲ 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ይኸው በሰከንድ 320 ኪሎቢት በሚይዝ ኤምፒ3 ሲሆን 144፣ በ128 ደግሞ 58 ሜጋባይት ይሆናል። ልዩነቱ በአብዛኛው ተቆርጦ የተጣለ ድምፅ ነው። በ128 ቀድሞ የሚጎዳው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ ሲምባሉና የማሲንቆው ጭራ ፍትጊያ ይደበዝዛል። አምባሰልንና ባቲን በወሎ ምድር እንዲህ መስማት፣ መቼም፣ ያሳፍራል። 128ቱን ወደ 320 መቀየርም ሆነ ባዶ ሲዲ ላይ መጻፍ የጠፋውን አይመልስም፤ ፋይሉን ብቻ ያሳብጣል።

ሲዲም ያረጃል። ሰው የሚሳሳው ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው፤ የባሰው አደጋ ግን ጽሑፍ ባለበት በኩል ነው። አንጸባራቂው ንጣፍ ከቀለሙ ሥር ስለሚገኝ እዚያ የተጫረ አይጠገንም። ሲጠርጉም ከመሃል ወደ ዳር ይሁን፤ ዙሪያውን አይሹት።

ስለዚህ የሚወዱትን ሥራ በኦሪጅናል ሲዲ ገዝተው በኮምፒውተር ወደ ፍላክ (FLAC፣ ድምፁን ሳይቆርጥ ፋይሉን የሚያሳንስ ዓይነት) ይገልብጡት፤ መጠኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ድምፁ አይነካም። ቅጂውን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ለመኪና ከዚያው 320 ኤምፒ3 ያውጡ፤ ብዙ የመኪና ቴፖች ፍላክ አያነቡም፣ ፍላሹም ፋት32 (FAT32) በሚባለው የፎርማት ዓይነት ካልተፎረመተ አያውቁትም።

ዳውንሎድ ሲገዙ ፋይሉ እጅዎ መግባቱን ያረጋግጡ። በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ብቻ የሚጫወት ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ሲቆም ዘፈኑም ይቆማል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ