ዕጢውን ብቻ ይመታል ወይ?

ለአዘጋጁ፦

መድኃኒት ስለሚሸከሙ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች፣ ማለትም ስለ ናኖ ቅንጣቶችና ስለ ካንሰር ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። መድኃኒቱ ዕጢውን ብቻ ለይቶ እንደሚመታ መጻፋችሁ ግን ተጋኗል።

በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውን ዶክሲል የተባለ የካንሰር መድኃኒት እንይ። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነች የስብ ከረጢት ይታሸጋል (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። ከረጢቷ በጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ በቀላሉ አታልፍም። የዕጢው የደም ሥሮች ግን ስለሚያፈሱ ሾልካ ትገባለች። ትልቁ ጥቅም በልብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት መቀነሱ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም አብዛኛውን ቅንጣት ጉበትና ጣፊያ ለቅመው ያስቀሩታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንደሚለው፣ በእንስሳት ሙከራ ከተወጋው መጠን ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ አሃዝ 0.7 በመቶ ነው። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም!

እዚህ ጎጃም ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት በነጠላዋ ሸፍና ወራት የምታሳልፍ እናት አለች። «አዲሱ መድኃኒት እስኪመጣ» ብሎ የታዘዘለትን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የሚያዘገይም አይጠፋም። ዕጢ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያሉ ሆስፒታሎችን ጠይቁልን። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ የሚሰጠው የት ነው? በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር? በአንድ ሠንጠረዥ አውጡት። ስለ አዲስ መድኃኒት ስትጽፉም የተሞከረው አይጥ ላይ ይሁን ሰው ላይ፣ አገር ውስጥ ይገኝ እንደሆነም ከርዕሱ ሥር አስፍሩ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ