ሱቁን እንዳትዘጊው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለአብሮ አደጌ፦

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ድሬም ያው ናት፤ ሙቀቷም ጨዋታዋም እንዳለ ነው። ከሐረር ድሬ የ50 ኪሎ ሜትር መንገድ ይዘን እንዲህ መጠፋፋታችን ያንገበግበኛል። እሱን ስንገናኝ እንወቃቀስበታለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነው።

ሰሞኑን የጋራ ወዳጃችን ከሐረር መጥታ ስላንቺ አጫወተችኝ። ጀጎል ውስጥ ያለችውን ሱቅሽን ለቀሽ ከሣር የሚሰፋውን የስፌት ንግድሽን በሙሉ ኦንላይን ልታደርጊው ነው አለችኝ። ዌብሳይት የሚሠራልሽ ልጅ አግኝተሽ ቀብድ ልትሰጪው መሆኑንም ነገረችኝ። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። ደስ ያለኝ ያንቺ እጅ የሠራው ስፌት ከጀጎል ግንብ ውጭ ላለ ሰውም መድረስ ስላለበት ነው። ያስደነገጠኝ የሱቁ ነገር ነው። እኔ እዚሁ ድሬ ታይዋን ከሚባለው ገበያ አካባቢ ካለችው ሱቄ ጎን ለጎን ድሪያና ሽቲ የሚባሉትን ቀሚሶች በቴሌግራም እሸጣለሁ። ስለ ኦንላይን ሽያጭ የሚወራው ሌላ፣ ሥራው ሌላ መሆኑን በየቀኑ አየዋለሁ። ስለዚህ አቦ፣ ቀብዱን ከመስጠትሽ በፊት ይህችን አንብቢልኝ።

ከዌብሳይቱ ልጀምር። ዌብሳይት ከተሠራ ገዢ ራሱ ፈልጎ ይመጣል የሚሉት ነገር አለ። አይመጣም። ስምሽን ጽፎ የሚፈልግሽ ቀድሞ የሚያውቅሽ ሰው ብቻ ነው። እኛ አገር ደግሞ ገዢው የሚውለው ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ነው። የቴሌግራም ቻናል ለመክፈት አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ዌብሳይት ግን ለስሙም፣ ለሚቀመጥበት ቦታም በየጊዜው ይከፈልበታል። ዋጋ ሲቀየር፣ ዕቃ ሲያልቅ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። አይጠቅምም አላልኩም። ለሆቴል፣ ለውጭ አገር ገዢ፣ በብዛት ለሚያዝ ድርጅት ማሳያ ይሆንሻል። እሱ ግን ኋላ ይደርሳል። ያንን ብር ዛሬ ለስንደዶና ለአክርማ ብታውይው ይሻልሻል።

ተከታይን ከገዢ ጋር የሚያምታቱም ብዙ ናቸው። ቲክቶክ ቪዲዮሽን ለማያውቁሽ ሰዎች ያደርስልሻል፤ ይሄ መልካም ነው። ግን ከሚያዩት ውስጥ አብዛኞቹ ልብ ሰጥተው ያልፋሉ። ማታ ብዙ ሺህ ሰው ያየው ቪዲዮ ጠዋት አንድ ስልክ ላያስደውል ይችላል። ተከታይ በብር የሚሸጡ ልጆች ደግሞ አሉ። እነሱን እንዳትጠጊያቸው። የሚሞሉልሽ ስም ብቻ ነው፤ ስም ስፌት አይገዛም።

ያንቺ የመጀመሪያዎቹ የኦንላይን ገዢዎች እስካሁን ከሱቅሽ የገዙት ናቸው። ሱቁን አትዝጊው የምልሽ ለዚህ ነው። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ። የሐረሪዎቹ የሸዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. ተመዘገበ። እንግዳው በእግሩ በርሽ ድረስ ይመጣል፤ ይህን ዕድል ያጣ ስንት ነጋዴ አለ መሰለሽ! ስፌት ገዝቶ ሲወጣ ቻናልሽን እዚያው ስልኩ ላይ ክፈቺለት። የገዛውን በእጁ ነክቶታል፣ ፊትሽንም አይቷል። አዲስ አበባ ሲመለስ እህቱ "ከየት አመጣኸው?" ትለዋለች። ስልኩን አውጥቶ ያሳያታል። ከማስታወቂያ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ልምጣ። ሱቅሽ የገባ ሰው ስፌቱን ያነሳዋል። ይገለብጠዋል። በጥፍሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ጥብቀቱን ያያል። ክብደቱን በእጁ ይመዝናል። ስልክ ላይ ይህ ሁሉ የለም። ገዢው ሊነካው ያልቻለውን ነገር አንቺ በፎቶና በቃል ታሟዪለታለሽ። የኦንላይን ሥራ ማለት በኔ ዓይን ይሄው ነው።

እና ስፌቱን በአምፖል አታንሺው። የሱቅ መብራት ቀዩን ወደ ብርቱካን ይወስደዋል፣ ወይን ጠጁን ያጠቁረዋል። ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር በር ላይ አውጪው። ያ ነጭ የተቀባው ግድግዳችሁ ቀለሙን ያወጣልሻል። ፊቱን አንሺ፣ ከዚያ ጀርባውን። ብዙ ሻጭ ጀርባውን አያሳይም፤ ስፌት የምታውቅ ሴት ግን ቀድማ የምታየው ጀርባውን ነው። ከዚያ ጠጋ ብለሽ ጠርዙን ብቻ አንሺ፤ ዙሩ ከዙሩ እንዴት እንደተያያዘ ይታይ። መጨረሻ ላይ እጅሽን አጠገቡ አድርገሽ አንሺ፤ ሰው ትልቅነቱን በእጅ ይገምታል። ከሥር ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ጻፊ። "መካከለኛ" አትበይ። ያንቺ መካከለኛ ለአዲስ አበባዋ ገዢ ትንሽ ሊሆንባት ይችላል። ለግድግዳ ነው ወይስ ለእንጀራ? እሱንም ጻፊ። የማያውቅ ሰው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሊያጥበው ይችላልና አያያዙንም ጨምሪበት።

እኔ ጋ ትልቁ ችግር ልክ ነው። እዚያው ሐረር መኪና ግርግር ብትሄጂ ልብስ ሰፊው ለክቶሽ እዚያው ይሰፋልሻል። በቴሌግራም የሚለካ የለም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ልብስ ቁመትና የደረት ስፋት በሜትር ለክቼ እጽፋለሁ። ጨርቁ ስስ ከሆነ ስስ ነው እላለሁ። አንዳንዷ ገዢ ይህን አይታ ትተወዋለች፤ ትተወው። ዕቃው ደርሷት "እንዲህ መስሎኝ አልነበረም" ከምትል ሳትገዛ ብትቀር ለሁለታችንም ይሻላል።

ዋጋ መደበቅ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለውን ጽሑፍ በየቻናሉ ታይዋለሽ። ሻጩ ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይ ብሎ ነው፤ ወይ ደግሞ አናግሬ አሳምናለሁ ብሎ። ገዢው ግን "እንደ ሰው ፊት እያየ ነው የሚጠራው" ብሎ ይጠረጥራል። ብዙው ሳይጠይቅ ያልፋል። እኔ ዋጋውን እጽፋለሁ። የሚከራከር ይከራከራል፤ ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ያንቺ ዕቃ እዚሁ የሚሠራ ነው። የኔ ጨርቅ ግን ከውጭ ስለሚገባ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ይንቀሳቀሳል። የቆየ ፖስት ላይ የቆየ ዋጋ ከተውሽ ገዢ በዚያ ይይዝሻል። አርሚው፣ ያለቀውንም "አልቋል" በይበት።

ኪራይ ስለሌለው ወጪ የለውም የሚሉሽን እንዳትሰሚ። ይህን ሒሳብ አብረሽኝ ሥሪ። እንበል አንድ ስፌት በ3,000 ብር ሸጥሽ። ለዕቃውና ለሠራተኛዋ ድካም 2,000 ወጣ። 1,000 ብር አተረፍኩ ትያለሽ። ካርቶንና ማሸጊያ 150። መናኸሪያ ድረስ ባጃጅ 100። ለአውቶቡስ 300። ፌስቡክ ላይ ከፍለሽ ያስተዋወቅሽበት (ቡስት የሚሉት) ለአንዱ ዕቃ ሲካፈል 200። እጅሽ ላይ የቀረው 250 ብር ነው። አንዱ ስፌት መንገድ ላይ ተጨፍልቆ ቢመለስ ያ 250 የለም። ስፌት ደግሞ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ ጫኙ የሚያስከፍልሽ ስፋቱን አይቶ ነው። መላኪያውን ገዢው ነው የሚከፍለው ወይስ አንቺ? ከመጀመሪያው ጻፊው። ከጊዜሽም የሚሄደውን አትርሺ። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቅ ዘግቶ ያርፋል፤ ስልክ ግን አያርፍም። አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው ማታ፣ ሰው እቤቱ ሲገባ ነው። ዛሬ ማታ የጠየቀሽን ነገ ከሰዓት ብትመልሺለት ከሌላ ገዝቷል።

ርካሽ የሆነ ያሸንፋል የሚለውም ባንቺ ሥራ አይሠራም። በፋብሪካ ከሚወጣ ፕላስቲክ ጋር በዋጋ ልትወዳደሪ አትችዪም፤ መወዳደርም የለብሽም። ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ማን እንደሰፋው፣ የሐረሪ ቤት ውስጥ የት እንደሚሰቀል ንገሪያቸው። ሲሰፋ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ልቀቂ። የእጅ ሥራሽን በቅናሽ ብዛት አታርክሺው፤ ይሄ ከልቤ የምልሽ ነው።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አደራ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሥራችን ቀሏል። ግን የክፍያ ስክሪንሾት ብር አይደለም። አንድ የጎረቤቴ ልጅ የተላከለትን ስክሪንሾት አምኖ ዕቃውን በባጃጅ ሰደደ፤ ብሩ ግን አልገባም ነበር። ምስሉ ተቀናብሮ ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ያንኑ ጽሑፍ አስመስለው ከተራ ስልክ ቁጥር የሚልኩ አሉ። ራስሽ ሒሳብሽን ከፍተሽ ቀሪሽ ጨምሮ ካላየሽ ዕቃ እንዳታወጪ። "መኪናው ሊያመልጠኝ ነው፣ ቶሎ በይ" ለሚልሽማ ይበልጥ ተረጋጊ። ገዢውም እንዲሁ ይፈራሻል። ብር ከላከ በኋላ ሻጩ የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ስምሽን፣ የሱቅሽን አድራሻ፣ በየትኛው የጀጎል በር እንደሚገባ ቻናሉ ላይ ጻፊ። ሄዶ የሚያገኘው በር እንዳለ ሲያውቅ ብሩን ለመላክ ይደፍራል። ሱቁ ኦንላይኑን ያስከብርልሻል።

"ዓለም በሙሉ ገበያሽ ነው" ብሎሻል አሉ የዌብሳይቱ ልጅ። ቶሮንቶና ሜልበርን ያሉ የሐረር ልጆች ስፌትሽን ቢያዩ ዓይናቸው እንባ እንደሚሞላ አውቃለሁ። ግን ክፍያው፣ ጉምሩኩ፣ የፖስታው ዋጋ እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ ድሬ ላኪ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እሱ ራሱ ማሸግ ያስተምርሻል። ውጭ ያለ ዘመድ ከፈለገ ለጊዜው እዚህ ያለ ሰው ይክፈልለት፣ በሚመጣ መንገደኛ ይሂድለት።

የንግድ ፈቃድሽን እንዳትመልሺም። ኦንላይን ለሚሸጥ ፈቃድም ግብርም የለበትም የሚል ወሬ ሰምቼ አዝኛለሁ። መሸጥ መሸጥ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። በሱ መሠረት በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ስምምነት ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ሕጋዊነቱን አያጣም። ይሄ ላንቺም ለገዢሽም ነው፤ የተጻጻፋችሁትን አታጥፊው።

ብዙ ጻፍኩ። አብሽሪ፣ ለማስፈራራት አይደለም። ቻናሉን ዛሬ ማታ ክፈቺና ከሱቅሽ ሦስቱን ስፌት ብቻ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ጠርዝ፣ ከነስፋቱና ከነዋጋው። ለድሬ ደንበኞቼ እኔው አሳያቸዋለሁ። የሚፈልግ ካለ በጠዋቱ ሚኒባስ ትልኪያለሽ፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ለዌብሳይቱ ልጅ እስከዚያ "ትንሽ ታገሠኝ" በይው።

እናትሽን ሳሚልኝ። ለልጆቹ አንድ አንድ ሽቲ አስቀምጫለሁ፤ ቁመታቸውን ለክተሽ ጻፊልኝ።

ያንቺው አብሮ አደግ